ባለ ሦስት ክፍሉ ቤት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 8
ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ዜልማ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የጋርላንድ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ዝናብ ዋለ። ወንድ ልጄ ሆይት፣ ዜልማና የልጅ ልጄ ኦሊ ከፈትል ፋብሪካው በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆነው ገቡ። የበቆሎ ዳቦ በላን። ሌላ ምን አለ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 10
አንድ ቀጭን ሰው የፎቶ ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ፎቶ አንሺ ነኝ አለ። እጁን ሥራ ነክቶት አያውቅም። ኦሊን በረንዳው ላይ ሊያነሣት ፈለገ። ታጠቢ፣ የእሑድ ቀሚስሽን ልበሺ፣ ጫማ አድርጊ አልኳት። እሱ እምቢ አለ። በባዶ እግሯ፣ ብናኙም ሳይራገፍ... ድህነት ሊሸምት ነው እንዴ የመጣው?

ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "አባባ፣ ይህች ሕፃን እንዴት ትችለዋለች?" አለኝ።

ማዘኑ ነው። በእኔ ዘር።

"ዘጠኝ ዓመቷ ነው" አልኩት። "የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ትልልቆቹን ታስንቃለች። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ተራራ ላይ በበቅሎ አርስ ነበር። አንተን በዘጠኝ ዓመትህ ማን ነበር የሚያጎርስህ?"

ደብተር አውጥቶ ጻፈው። ዜልማ ቆነጠጠችኝ። ፋብሪካው ኦሊን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው ብሎ ነው የሚያውቃት፤ ከዚያ በታች መቅጠር ሕጉ አይፈቅድም። እና? ለአለቃ የሚነገር ሌላ፣ ለመንገደኛ የሚነገር ሌላ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 11
ዜልማ አታናግረኝም። የምለውን ግን ትጽፋለች።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 22
የፋብሪካው አለቃ ክሬንሾ ሳያንኳኳ ገብቶ መጽሔት ጉልበቴ ላይ ጣለ። ኦሊ ናት፣ በባዶ እግሯ። ከሥሩ የተጻፈውን ራሱ አነበበልኝ። ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑን አያቷ ነገረኝ ይላል።

"ጋርላንድ፣ በአንተ ምላስ ተቆጣጣሪ ሊመጣብኝ ነው። ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ።"

ስትቀጠር የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር። አሥራ ሦስት ሲሉት እሺ ያለ ሰው፣ ዛሬ ሕግ አክባሪ ሆነ!

"ቤቱስ?" አለች ዜልማ።

የሠፈሩ ቤት ሁሉ የፋብሪካው ነው፤ ደንቡም ለየክፍሉ አንድ ሠራተኛ ነው። ሦስት ክፍል፣ ሦስት ሠራተኛ። ኦሊ ስትወጣ ሁለት ቀረን። ሦስተኛ ሰው አምጡ፣ አለዚያ ቤቱን ልቀቁ ብሎ ወጣ።

ማንም ወደ እኔ አላየም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 24
ክሬንሾ ዘንድ ሄድኩ። ባርኔጣዬን አላወለቅሁም። መጥረጊያ ስጠኝ አልኩት። ሳቀ።

"በዚህ ዕድሜህ?"

"አንተ ደግሞ ዕድሜ መቁጠር የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?"

መጥረጊያውን ሰጠኝ።

እሑድ፣ ሜይ 15
እስላለሁ። ብናኙ ደረቴ ውስጥ ገብቷል። መጥረግ እዚያ የልጆች ሥራ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ሳልፍ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ቤቱን አልለቀቅንም።

ያ ቀጭን ተመልሶ አልመጣም። እንዲህ ያለው ሰው አዝኖ ይሄዳል... ክፍሉን ይዞ የሚቆየው ሌላ ነው።

ዛሬ ብዕሩን የያዘችው ዜልማ አይደለችም። ኦሊ ናት። ትምህርት ቤት ገብታለች። ምላሷን አውጥታ ነው የምትጽፈው። ይህንንም ጻፊ አልኳት፤ አኮረፈች። ግን ጻፈችው።

በይ ኦሊ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጮክ በይ። ፋብሪካው ጆሮዬንም ወስዶታል።