መጣሁ

ጥቅምት 5

ዛሬም ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። ጥፋቱ የባል ተብዬው የገዛኢ ነው። ሻይ ቅዳልኝ አልኩት። ብርጭቆው ሞልቶ፣ ጠረጴዛውን አዳርሶ፣ ቀሚሴ ላይ ደረሰ... እሱ ፔርሙሱን እንደደፋ ያያል።

«እዋይ! ቆሞ ነበር እኮ!»

ምኑ?

«ሻሂው።»

ሻይ ቆሞ ያውቃል? ሳቅኩበት። ቀሚሴን ቀይሬ ስሮጥ «ባጃጅ!» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። እግሬ አያርፍምና ከተጋባን ጀምሮ ስሜ ይኸው ነው።

ጥቅምት 11

ሚኒባሱን ሮማናት አደባባይ አቁሞ በእግሩ መጣ። ገዛኢ! ታክሲውን ጥሎ! ፊቱ አመድ መስሏል።

«መኪናው ሩቅ ነበረ። ከዚያ አፍንጫዬ ላይ ነበረ። መሀሉ የለም፣ አንቺ ናዝሬት።»

መሀሉ የለም ምን ማለት ነው? ፈራሁ።

ጥቅምት 16

ሐኪም ቤት ዋልን። ዶክተር ፊዮሪ ዐይኑ ደህና ነው አለች። የተጎዳው አንጎሉ ነው፤ ከኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ ደም ሥር ተዘግቶ። ቀለምና ቅርጽ የሚለየው ቦታ ተርፏል። እንቅስቃሴ የሚያየው ግን... ለእንቅስቃሴ የብቻው ቦታ እንዳለ ማን ያውቃል? የሚሄድ ነገር ሁሉ ለሱ ፎቶ ነው። ከዚያ ሌላ ፎቶ። ሻዩም እንደዚያ ነበር ለካ። እኔ ደግሞ ሳቅኩበት።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«ላይመለስ ይችላል።»

መንዳት አበቃ። የሚኒባሱን ቁልፍ ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ጥቅምት 24

በር ላይ ቆሜ ያየኛል፤ ወዲያው ፊቱ ላይ ነኝ። ይደነግጣል። ዛሬ ዘዴ ዘየድን፦ ወደሱ የሚመጣ ሰው ሁሉ ድምፁን ያሰማ። እኔ «መጣሁ»፣ ጎረቤቱ በትግርኛ «መጻእኩ»። ያን ሲሰማ ባለበት ይቆማል። ባለሱቋ ኣስካል እንኳ ለምዳዋለች።

ኅዳር 6

ብቻውን ተሻግሮ ከኣስካል ሱቅ ዳቦ ገዛ! በጆሮው ነው የሚሻገረው። ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«ቤት ከተቀመጥኩ ሞቷል በይ» አለኝ። ይቀልዳል እንዳልል ዐውቀዋለሁ፤ መንገድ ላይ ያደገ ሰው ነው። ብቻ ዛሬ ተመስገን።

ኅዳር 13

ባጃጅ መታው።

ኣስካል እያለቀሰች ነገረችኝ። ለደንበኛዋ ዕንቁላል ልታመጣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ስትወጣ «መጻእኩ!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ስንወጣ እንደምንለው፣ እመለሳለሁ ለማለት።

«ረስቼው፣ ሓፍተይ! ረስቼው፣ እህቴ!»

ገዛኢ አስፋልቱ መሀል ነበር። ወደሱ የሚመጣ ሰው መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለባጃጁ ያልፋል ብሎ...

ማንን ልቆጣ? ስንሄድም መጣሁ፣ ስንመጣም መጣሁ። ምን ዓይነት ቃል ነው?

ኅዳር 15

እግሩ ተሰብሯል። ባጃጅ ብሎ አልጠራኝም።

ጥር 18

ጀሶው ከተፈታ ሰነበተ። ገዛኢ ግን ከግቢ አይወጣም። «ሕጂ... አሁን ጆሮዬንም አላምነውም» ይላል። በረንዳው ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይውላል። ዝም ብዬ ፊቱ ስቆም ደህና አድርጎ ያየኛል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ መቆም እየተማርኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስሄድ ግን አመለጠኝ። «መጣሁ!» አልኩ፣ እንደ ድሮዬ። የግቢውን በር ይዤ ዞር ስል ሁለት እጁን ዘርግቷል። እየጠበቀኝ ነው... ባዶው ላይ። ተመልሼ እጁን ያዝኩት።

«አልመጣሽም እኮ» አለ።

«እየወጣሁ ነበር፣ ገዛኢ።»

«እሞ ሄድኩ በዪኛ።»

እናቴ ይህን ቃል አትወድም ነበር። «ሄድኩ የሚል ይቀራል፤ መጣሁ በይ» ትለኝ ነበር፣ ትምህርት ቤት ስሄድ እንኳ። ወግ ሆኖብኝ ለገዛኢ ብዬው አላውቅም።

በሩ ላይ ቆምኩ። በደንብ እስኪያየኝ።

«ሄድኩ» አልኩት።

እጆቹን ጭኑ ላይ ሰበሰበ።

«ኪዲ፣ ሂጂ» አለኝ።