ረቡዕ ማታ፣ ዓሣ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ከቢሮ ወጥቼ ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ መሸ። ሴቻ ሰፈር ቤቴ ስደርስ ድክም ብሎኛል። ሽሮ... እንደገና ሽሮ። ሳምሶን ሁለቴ ጎርሶ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "አባባ ረቡዕ ለሐኪም ቤት ይወርዳል። ማታ እናንተ ጋ ነው የምበላው አለኝ" አለ።

እንደ ቀላል ነገር!

ከተጋባን ጀምሮ ከዶርዜ በወረዱ ቁጥር እህታቸው ቤት ነው የሚያርፉት። የኛን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። በኔ ነው... ልጄ ጴንጤ አገባ ብለው። ሠርጋችን ላይ ቆመው መርቀው ሄዱ፣ እህል አልቀመሱም። አሁን ራሳቸው እበላለሁ አሉ? በራሳቸው አፍ? ሳምሶንን ደጋግሜ አስማልኩት። እውነት ነው!

ዶሮ እሠራለሁ። በቃ፣ ዶሮ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዶሮው ቀረ። ሳምሶን በሳቅ ሊሞት። "ረቡዕ ጾም ነው እኮ፣ ጌጤ!" እኛ ቤት ረቡዕ እንደማንኛውም ቀን ነው። ከየት ይምጣልኝ?

ዓሣስ? ቶሎ ይደርሳል፣ ከሥራ መልስ እንኳ። ግን በጾም ይበሉታል? ጥዑመልሳን ጠረጴዛዋ ከኔ ጎን ነው፣ ጾም አታፈርስም፣ እሷን ጠየቅኳት። "የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ። እኔ አልበላም። ራሳቸውን ጠይቂያቸው" አለች። ሳምሶን አያውቅም። ልጃቸው ሆኖ!

ደወልኩ። እኔ! ለመጀመሪያ ጊዜ። "አባባ፣ ነገ ዓሣ ብሠራ... ይበላሉ?" "እበላለሁ። አጥንቱን ነው የምፈራው" አሉ።

አጥንቱን ብቻ! ስልኩን ዘግቼ እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከሰዓት ስብሰባ አለ ተባለ። ዛሬ! ምነው ጌታዬ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

እጄ አሁንም ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሥራ ከመግባቴ በፊት ልጻፈው።

ስብሰባው አላልቅ አለ። እንደለቀቁን ዓሣ ሻጮቹ ጋ ሮጥኩ። አንድ ነጭ ዓሣ ተርፏል። ሰውዬው አጥንቱን ለቅሞ አውጥቶ ፊሌቶ አደረገልኝ። ቤት ስገባ አባባ ሳሎን ቁጭ ብለዋል! ቆጮና የሚያቃጥል ዳጣ ይዘው መጥተዋል። ሳምሶን በር ከፍቶላቸው ለስላሳ ሊገዛ ወጥቷል። ሰላም ብያቸው በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት።

ግማሹን ዓሣ በሎሚና በጨው ለውሼ ለጥብስ አስቀመጥኩ። ግማሹ ለጉላሽ። ሽንኩርት ተቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም... እጄ ይበራል። ደስ ብሎኝ መዝሙር ሁሉ ጀምሬያለሁ። ከዚያ እናቴ ቤት እንደለመድኩት... አንድ ማንኪያ ቅቤ ድስቱ ውስጥ! ቅልጥ ካለ በኋላ ነው የነቃሁት። ወይኔ ጉዴ!

ማንም አላየኝም። ዝም ብልስ? በሽንኩርቱ ማን ይለየዋል? ግን አምነውኝ ሊበሉ... እንዴት አድርጌ? ድስቱን አውርጄ ሳሎን ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

"አባባ፣ ወጡ ውስጥ ቅቤ ጨመርኩበት። ረስቼ ነው።" እንባዬ መጣ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ሽታው እኮ እዚህ ደርሷል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ይሉኝታ ያዘኝ። ይቺን ቆጮ በዳጣ በልቼ፣ ጠገብኩ ልልሽ ነበር።"

እኔ ቀድሜ ሳቅኩ። እሳቸውም ተከተሉኝ... ሆዳቸውን ይዘው! ከዚያ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አደረጉና ወጥ ቤት ገቡ። "ቢላዋ ስጪኝ። አንቺ ጥብሱን ያዢ።" "ኧረ አባባ፣ ነውር ነው!" ማን ሰምቶኝ። ሌላ መጥበሻ አውጥቼ፣ ዘይት አግዬ፣ በሎሚ የተለወሰውን ዓሣ ዱቄት ነካ ነካ አድርጌ ጠበስኩ። እሳቸው ቲማቲምና ቃሪያ ከተፉ፣ ትልልቅ አድርገው፣ ለከብት ይመስል። ሳምሶን ለስላሳውን ታቅፎ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አባቱን ወጥ ቤት አይቶ አያውቅማ!

ጉላሹን እኔ ብቻ በላሁ። አባባ ጥብሱን በቆጮና በዳጣ... መጀመሪያ እየፈሩ፣ እየዳበሱ። አጥንት የለም። "ድገሚኝ" አሉ።

ድገሚኝ! ሲመሽም ወደ እህታቸው አልሄዱም። እዚሁ አደሩ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ከቸርች እንደገባሁ ስልኬ ጠራ። የኔ ስልክ!

"ጌጤ፣ ነገ ሐኪሙ ቀጥሮኛል። ሻሺቱን ይዤ ነው የምወርደው።" የሳምሶንን እናት! ሠርጋችን ላይ እንኳ ያልመጡትን! "እንዴት አሳመኗቸው?" አልኳቸው። "ስለ ቅቤው ነገርኳት። 'ሄዳ ነገረችህ? በገዛ አፏ?' አለች። ከዚያ ልይ አለች። አንቺ ጋ ነው የምናድረው።" ዘጉት።

አንሶላ ማጠብ አለብኝ... ፍራሽ ከየት ልዋስ? ደስታዬን የት ላድርገው?

ሳምሶን ብቅ አለ። "ማን ነው?"

"አባባ።"

"ታዲያ ለምን ለኔ አልደወለም?"

"ካንተ ጋር ምን ጉዳይ አላቸው?" አልኩት።