ስለ አዲሱ ፀጉሬና ስለ አባትህ ቀብር

ውድ ጉሌድ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጅዳ ሙቀቱ በርትቷል አሉ፤ እዚህ ድሬም ያው ነው። ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ፣ ጨርቁ መሃል ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ብደውልልህ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ እዋሻለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርድ ይገባሃል።

የሠርጌን ፎቶ አይተህ ሁለት ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። "አቦ! ይሄ ፀጉር ከየት መጣ? እኔም ላሠራ ነው፣ ምን እንደሚጠብቀኝ ንገረኝ" አልክ። ቀጥለህ ደግሞ "መቼ ነው ያሠራኸው?" አልከኝ። በመጀመሪያው ሳቅሁ፤ በሁለተኛው ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ስልኩን ዘጋሁት። ዛሬ ሁለቱንም እመልስልሃለሁ።

ለምን አሠራህ ካልከኝ ጥፋቱ የሙሽራዬ የሳቢሪን አክስት ነው። ሽማግሌ ይዘን ቤታቸው የሄድን ዕለት አክስትየው ታናሽ ወንድሜን ሙስአብን ከላይ እስከ ታች አዩትና "ሙሽራው ማሻአላህ ነው፤ አባትየውም ደህና ሰው ይመስላሉ" አሉ። አባትየው እኔ ነበርኩ። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ! ሳቢሪን ሳቋን ስትጨርስ "ሰውዬ፣ እኔ ፀጉርህን ነው እንዴ የማገባው?" ብላኝ ነበር። መቼ ልስማት።

ያሠራሁት አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ነው። መጀመሪያ የምትሰማው ነገር ቅር ያሰኝሃል፦ አዲስ ፀጉር የሚሰጥህ የለም። ከማጅራትህ በላይ ካለው ከራስህ ፀጉር አንድ በአንድ እየነቀሉ ወደ ፊት ይተክሉልሃል። ከኋላው የሳሳ ሰው ባይሞክረው ይሻላል ብሎኛል ሐኪሙ። ከሥራው በፊት ራስህን ሙልጭ አድርገው ይላጩሃል። የማደንዘዣው መርፌ አያምም የሚሉህን አትመን፣ ያማል። ከዚያ በኋላ ግን የራስህ ቆዳ የሌላ ሰው ይሆናል። ግማሹን ቀን በሆዴ፣ ግማሹን በጀርባዬ ተኝቼ ዋልኩ፤ መሃል ላይ ምሳ አበሉኝ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፍሬ ተከሉልኝ።

ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ የአንተ ነው። ትራስ ደራርበህ ቀና ብለህ ትተኛለህ፤ የተሰጠህን የጨው ውሃ በየጊዜው ትረጫለህ፤ አትነካውም፣ አታከውም። ፀሐይ፣ አቧራና ላብ ክልክል ነው። ይህን ለድሬ ሰው መንገር ቀልድ ነው። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ከግንባሬ ወደ ዓይኖቼ ወረደና በመስታወት ራሴን ማወቅ አቃተኝ። አንተ ግን እንዳትደነግጥ፣ በሁለት ቀን ይጎድላል።

ደግሞም ለአሥር ቀን ማጎንበስ የለም። "ሶላትስ?" ብዬ ጠየቅሁት ሐኪሙን። "ወንበር ላይ ሆነህ ስገድ፤ ግንባርህ ምንጣፍ እንዳይነካ" አለኝ። ድሬ ተመልሼ ሰፋ ያለ ኮፍያዬን አድርጌ፣ መስጊድ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። "ጦልሃ፣ ምን ሆነህ ነው?" ሲሉኝ "ወገቤን" አልኩ። ውሸቴ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው። በማግስቱ አንዱ የሚታሽ ዘይት አመጣልኝ፤ ሌሎቹ ተሰብስበው ለጤነኛው ወገቤ ዱዓ አደረጉ። እኔም አሚን አልኩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። ያሠራሁት አባትህ ከማረፋቸው ከስድስት ቀን በፊት ነው።

አባትህን አዴር ኻሊፍ፣ አጎቴ ኻሊፍ፣ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ለኔ ምን እንደነበሩ ታውቃለህ። በተወለድኩ በሰባተኛው ቀን ፀጉሬን የላጩኝ እሳቸው ናቸው። መጋላ ሰፈር፣ ያቺ ጠባብ ፀጉር ቤታቸው ውስጥ አንተና እኔ ተራ በተራ እየተቀመጥን አደግን። በኋላ ፀጉሬ ሲሸሽ "ያ ጦልሃ፣ ግንባርህ መሬት እየወረረ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የቀረችኝን ግን እንደ ሙሉ ፀጉር ተጠንቅቀው ያስተካክሉልኝ ነበር።

ያረፉ ዕለት ጠዋት ከጅዳ ደወልክ። "መድረስ አልቻልኩም። እኔን ሆነህ ቀብር ውረድ፣ አባቴን በእጅህ አስቀምጥልኝ። ሌላ ምንም አልልህም" አልክ። "ወላሂ እወርዳለሁ" አልኩህ። ስምልልህ ልወርድ ነበር፤ ይህንን እንኳ እመነኝ።

የጀናዛ ሶላት ላይ ከሰዎቹ እኩል ቆሜ ሰገድኩ። ሩኩዕም ሱጁድም፣ ማጎንበስም ግንባር መድፋትም፣ ስለሌለው ወንበር አላስፈለገኝም፤ እንዲያውም በልቤ ተገላገልኩ ብያለሁ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ነፋሱ አፈሩን ያነሳው ጀመር። አንድ ሽማግሌ "የጉሌድ ምትክ የታለ?" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጉድጓዱን አየሁት፤ መውረድ፣ ማጎንበስ፣ መሸከም፣ አፈር። ከአፌ የወጣው "ወገቤ…" የሚለው ቃል ነበር። ወሬው ቀድሞ ስለተዳረሰ የተገረመብኝ ሰው የለም። "አንተ ተወው ልጄ፣ አላህ ያሽርህ" አሉኝ። ኢስሃቅ ባለ ባጃጁ ጫማውን አውልቆ ገባ። አባትህን በእጁ ያስቀመጠው እሱ ነው። እኔ ዳር ቆሜ ኮፍያዬን ከአቧራ እጠብቅ ነበር።

ከቀብር እንደተመለስን ደወልክ። "ወረድክ?" አልከኝ። "ወረድኩ" አልኩህ። አለቀስክ፤ መረቅከኝ። ይኸው ከዓመት በላይ በደወልክ ቁጥር "አባቴን ያስቀመጠ እጅ አይንጠፍ" ትለኛለህ። በሠርጌ ቀንም ብለኸኛል። እንኳን ሠርጌ፣ ያ ቃል ትዝ ሲለኝ ምሳዬም አይጥመኝም።

ፀጉሩን ልጨርስልህ። በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው ይረግፋል። ይህን አስቀድመህ እወቅ፤ ደንቡ ነው፣ ሥሩ ከውስጥ ይቀራል። እኔም ተነግሮኝ ነበር፤ ግን ትራሴ ላይ ሳየው ቅጣቴ መስሎኝ አለቀስኩ። ከአራተኛው ወር ጀምሮ እንደ ሕፃን ፀጉር ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ ዓመት ሲሞላው ፎቶው ላይ ያየኸውን ይሆናል። ያልተነካው የድሮው ፀጉርህ ግን መሳሳቱን አይተውም፤ ለእሱ መድኃኒት ያዙልሃል። እንደ ሃያ ዓመት ልጅ እሆናለሁ ብለህ ከሆነ ይቅርብህ።

ለምርመራ ስመለስ ሐኪሙን ጠየቅሁት። "በስድስተኛው ቀን ለአንድ አፍታ መቃብር ወርጄ ቢሆን ኖሮ ይበላሽ ነበር?" አልኩት። "ባይመከርም፣ ቢበዛ አምስት ስድስት ፍሬ ይነቀል ነበር" አለኝ። ጉሌድ፣ ወንድሜን ለአምስት ስድስት ፍሬ ፀጉር ነው የሸጥኩት።

ለሳቢሪን ነገርኳት። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር፤ "ለኔ ምን ይሠራልኛል፣ ለባለቤቱ ንገር እንጂ" ብላ ወረቀቱን አቀበለችኝ።

በረጀብ ወር ለዑምራ መካ እመጣለሁ፤ ቪዛዬ ወጥቷል። ዑምራው ሲያበቃ ፀጉር ማሳጠርም ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ግን እላጫለሁ። ተመልሶ ስለሚበቅል ትልቅ ነገር አድርገህ አትቁጠርልኝ። ከቀብሩ በኋላ የላክሁልህ የአባትህ የፀጉር ቤት ምላጭ አሁንም አንተ ጋ ካለ መካ ድረስ ይዘኸው ናና አንተ ላጨኝ። ዓይኔን ማየት ካስጠላህ ግን አትምጣ፤ አልቀየምህም፣ ከሰው ጋር ተሰልፌ እላጫለሁ። ከመጣህ ከኋላ የተነቀለበትን ቦታ ታየዋለህ፤ ነጠብጣብ ጠባሳ ነው፣ ሲላጭ ይጋለጣል። ምን እንደሚጠብቅህ ያኔ በእጅህ ዳስሰህ ትወስናለህ።

የኢስሃቅን ስልክ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ያ ሁሉ ምርቃት የእሱ ነበር፤ ደውለህ አድርስለት።

ወገቡን አሞት የማያውቀው ጓደኛህ፣
ጦልሃ
ድሬዳዋ