የዘነበች ራስ እስከ ሰኞ

ሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 52። አሰላ። ጧት 1 ሰዓት።

ዛሬም ልጄን ዘነበችን ቀሚሷን ገልብጬ አለበስኳት። ስፌቱ ወደ ውጭ። ስፌት ቆዳዋን ከነካት ታብዳለች፤ ተገልብጦ ሲሆን ዝም። ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ፀጉሯን አልነካሁም። ከገና ወዲህ ማንም አልነካውም።

ከቀኑ 7 ሰዓት። ቴሌግራፍ ቤት።

መስመሩ ዝም ብሏል። ነፋሱ የሆነ ቦታ እንጨት ጥሎ ይሆናል። ስለዚህ ከአንተ ጋር ላውራ፣ ደብተር። አንተ ዘንድ ቃል አይከፈልበትም፤ እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ እቆጥባለሁ።

የት/ቤቱ ዲሬክተር አስጠራኝ። ከተማው ውስጥ ተስቦ ገብቷል። የሚያዛምተው ቅማል ነው። ወንድ ሴት ሳይባል ተማሪ ሁሉ ለፊታችን ሰኞ ራሱን ተላጭቶ ይምጣ፤ ያልተላጨ በሩን አያልፍም። ስለ ዘነበች ደግሞ ለብቻው ነገረኝ። ደወል ሲደወል ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እርሳስ ስትይዝ ትሰብራለች። ከግድግዳ ጋር ትላተማለች። እስካሁን ታግሻለሁ አለ። እውነቱን ነው፣ ታግሷል። ለተስቦ ግን ትዕግሥት የለኝም አለ። እሺ ጌታዬ አልኩ።

እሺ! አፍ ሲቀል። የልጄን ራስ ሊነካ የሞከረ ሰው አሰላ ውስጥ ይታወቃል፤ ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ግን የጅብ።

ማክሰኞ፣ 6። ማታ 12 ሰዓት ተኩል።

ታላቅ እኅቴ እትዬ የሺ ከጢቾ መጣች። የዘነበች እናት ከሞተች ጀምሮ ልጅቷን ስጠኝ ትላለች። ዛሬ ቁርጡን ተናገረች። ት/ቤት ካልተቀበላት አንተ ሥራ ላይ ስትውል ማን ይይዛታል? በር ትቆልፍባታለህ? ሁዳዴ ነው፣ ጊዜው ደግ ነው፤ ጸበል አስገባታለሁ። ሁለት ሱባዔ። መቼም ታስራ ነው የምትጠመቀው።

ልጄ አትታሰርም ብዬ ጮህኩ። ራሷን እንዳትጎዳ ነው እንጂ ጠልቻት ነው ወይ አለች፣ እያለቀሰች። ክፋት የላትም እኮ! የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ክፉ ብትሆን በሩን አሳያት ነበር።

ሥራ ብለቅ ምን ላበላት? ሰኞ ከበር ከመለሷት ይዘሻት ሂጂ አልኩ። ከአፌ ወጣ። አሁን ምላሴን ልቁረጠው ወይ? ያቺን ልጅ ከወሰዱብኝ እኔ ሰው አልሆንም።

ሐሙስ፣ 8። ማታ 3 ሰዓት።

ፀጉር ቆራጩን ቤት ድረስ አመጣሁት። ረጋ ያለ ሰው፣ እጁ ጥጥ። ሳሙናውን በጣቱ ጫፍ ቀባት። ጮኸች። እኔ እግሯን ያዝኩ፣ እትዬ የሺ እጇን። በቀስታ፣ በቀስታ እለዋለሁ። እሱ ቀስ ባለ ቁጥር እሷ ባሰባት። ምላጩ ጆሮዋን ጫረው። ደም። ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ፤ ይቅርታ ጋሼ፣ የሰው ልጅ አልገድልም ብሎኝ።

አልጋ ሥር ገባች። በስንት ልመና ለእራት ወጣች። እትዬ የሺ ዳዊት እየደገመች አናቷን ዳበስ፣ ዳበስ። ነከሰቻት። አየህ አለችኝ፣ ያደረባት ነገር በረከት አይወድም። እኔም ለአንድ አፍታ አመንኳት። ለአንድ አፍታ።

ዓርብ፣ 9። ከቀኑ 10 ሰዓት።



ከሥራ ስመለስ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ። ዘነበች ተብላ ዝናብ አትችልም፤ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ! ጆሮዋን ይዛ በሩን በርግዳ መንገድ ላይ። ገብስ የጫነ መኪና እየመጣ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ መኪናው ተንሸራቶ ቆመ። ከእሷ አንድ ክንድ ርቀት።

ደሜ ፈላ። አፈፍ አድርጌ ወደ ቤት። ወፍራሙን ቡሉኮ ጠቅልዬባት፣ ልትሞቺብኝ ነው ወይ እያልኩ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጨመቅኳት። ፍቅር አይደለም፣ ንዴት ነው። ወዲያው አሳመምኳት ብዬ ደነገጥኩ፣ ላላሁ። ጮኸች። ያዝኩ። ዝም። ላላሁ። ጮኸች። ከቡሉኮው ውስጥ ድምፅ መጣ፦ “ጀቤሲ።” ከጎረቤት ልጆች የለመደችው ኦሮምኛ ነው። አጥብቅ ማለቷ ነው።

አጠበቅኩ። በረዶው ጣሪያውን ይወቅጣል፤ ልጄ እቅፌ ውስጥ ታዛጋለች። ታዛጋለች እኮ!

ቅዳሜ፣ 10። ከሰዓት በኋላ።

አንድ ነገር የገባኝ መሰለኝ። ሁላችንም ስናባብላት ኖረናል፣ በጣት ጫፍ። ዝንብ ፊትህ ላይ ስትሄድ ምን ይሰማሃል? የእሷ ቆዳ ምናልባት ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው። ሞከርኩ። ክንዷን በስሱ ነካሁት፣ ቶሎ ጠረገችው። በመዳፌ ጨበጥኩት፣ ተጠጋችኝ። እርሳስ የምትሰብረው፣ ግድግዳ የምትገፋው ይህንኑ ፈልጋ ይሆን? እንጃ። ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ነው የምነግርህ።

ጧት ገብስ በአቁማዳ አሸከምኳት። ከጓዳ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ጓዳ። እትዬ የሺ፣ ልጅቷን አህያ አደረግካት እኮ! አለችኝ። ቀጥሎ ሊጥ እንድታሽ ሰጠኋት፣ እስከ ክንዷ ገባችበት። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ተቀምጣ በላች። ተቀምጣ! እግሯ እንኳ አልተወራጨም።

ልቤ ደፈረ። በቡሉኮው አጥብቄ ጠቀለልኳት። ግራ መዳፌን አናቷ ላይ ጫንኩ። ጀቤሲ። ጫንኩ። መዳፌ ፈቀቅ ሲል ምላጩ በኋላው። መዳፍ ይቀድማል፣ ምላጭ ይከተላል። ትንፋሼን ውጬ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ። ግማሹ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ፣ ዘለለች። ምላጩን ወርውሬ ያዝኳት። አልተቆረጠችም፣ ተመስገን። ልቀጥል ወይስ ልተው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ተውኩት። ግማሽ ራስ ይዘን እናድራለን።

እሑድ፣ 11። ረፋድ።

ሰንበት ነው፣ ምላጭ አይነሳም አለች እትዬ የሺ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አልኩ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ ሳትሰናበተኝ። ጓዳ ስገባ ውሃው ምድጃ ላይ ሞቆ ይጠብቀኛል። እሷ ናት የጣደችው።

ጨረስን። ዘነበች ራሷን በሁለት መዳፏ ይዛ ሳቀች።

ከቀኑ 6 ሰዓት።

ደስታዬ እስከ ቅዳሴ መውጫ ነበር። እትዬ የሺ ከአንዲት የተማሪ እናት ሰምታ መጣች። ነገ መላጨት ብቻ አይበቃም፤ ዲሬክተሩ ራሱ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ራስ በጣቱ ይዳብሳል አሉ። ቁስል እንዳለ ለማየት። በጣቱ! ብትነክሰውስ? እትዬ የሺ የልጅቷን ጓዝ ማሰር ጀመረች። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አስቆማት ዘንድ አፍ የለኝም። አንድ ጥቅል ነው የሆነው። የልጄ ኑሮ በሙሉ አንድ ጥቅል።

ሰኞ፣ 12። ጧት 3 ሰዓት። ቴሌግራፍ ቤት።

አርፍጄ ገባሁ፤ ይቆጡኝ።

ጧት አቁማዳዋን ተሸከመች። እትዬ የሺ ጓዙን ይዛ ወደ ጢቾው መኪና፣ እኛ ወደ ት/ቤት። ሰልፉ ረጅም። መንገድ ሙሉ ትከሻዋን ጨብጬ ሄድኩ፤ በሩ ጋ ወላጅ ወደኋላ ተባለ። ለቀቅኳት። ብቻዋን። ቀሚሷ እንደተገለበጠ።

ተራዋ ደረሰ። ዲ/ሩ ጣቱን አነሳ። በስሱ፣ እንደ ፀጉር ቆራጩ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ አየሁ። አበቃ አልኩ። ልጄን ሸኘኋት አልኩ።

በሁለት እጇ እጁን ቀለበችው። ወደ አፏ አልወሰደችውም። መዳፉን ዘርግታ አናቷ ላይ ጫነችው፣ በእሷው እጆች ከላይ ተጭና። አንድ ቃል ተናገረች። ከሩቅ ባልሰማም አውቀዋለሁ። ዲ/ሩ የዚህ አገር ልጅ ነው፣ ኦሮምኛውን ሰማ። ዞሮ እኔን ፈለገ። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ እንባዬ ቀደመኝ፤ በእጄ ብቻ አሳየሁት፣ እንዲህ፣ ጫን። ጫን አደረገላት። ከዚያ ግቢ አላት። ገባች።

ሮጥኩ። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ረዳቱን ለምኜ ጓዙን አስወረድኩ። እትዬ የሺም ተከትላው ወረደች። መንገድ ዳር ቆመን፣ ጥቅሉ መሀላችን። የተነከሰ እጇን አሻሸች። ከዚያ፣ ምን ያህል ነው የምትጫናት አለችኝ። ትከሻዋን ይዤ አሳየኋት። ውይ አጥንቴን አለች። ልኩ እሱ ነው አልኳት።

እስከ እሑድ ልትቆይ ነው። ዛሬ ዘነበች ከት/ቤት ስትመለስ የሚቀበላት እኔ አይደለሁም። እትዬ የሺ ትቀበላት፣ በሙሉ መዳፏ፣ ሳትፈራ። ብትነክሳትም እንደገና አጥብቃ ት— መስመሩ እየጠራኝ ነው