ለሙሉጌታ የሰጠሁት አንድ ኮከብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጎረቤትና ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከእሑድ ጀምሮ የጠፋው የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ ጠዋት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በሰላም መገኘቱን በታላቅ ደስታ አስታውቃለሁ። ተጠርጣሪዋ የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። ክዳለች።

ካልሲው ስለተገኘ ዓይን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከሳሊተ ምሕረት ቦሌ መድኃኔዓለም ድረስ፣ እንደ ሁልጊዜው በሙሉጌታ መኪና። ሙሉጌታ የሚነዳው በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ነው። በራችን አጠገብ ስለሚቆም ስጠራ የሚደርሰኝ እሱ ነው። በር ይከፍትልኛል፣ ጉድጓድ ሲያይ ቀስ ይላል፣ ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ስለ ፀጉሩ እጠይቀዋለሁ። "ወዴት እየሄደ ነው?" ስለው፣ "ጡረታ ወጥቶ ነው ጋሼ፣ እንደ እርስዎ" ይላል።

ዛሬ ግን ቀልዱን አልመለሰልኝም። ምን ሆንክ ብለው ነገረኝ። ተሳፋሪ የሚሰጠው ኮከብ በጣም ወርዶበታል። ከነገ ጀምሮ ጥሪ አይደርሰውም። አርብ ቢሮ ቀርቦ ያስረዳል፤ ካላሳመነ ይሰናበታል። "ማንን ምን እንዳስቀየምኩ ባውቅ ሄጄ ይቅርታ እጠይቅ ነበር" አለ።

ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለውን ጨዋ ሰው የሚያጣጥል ምን ዓይነት ፍጡር ነው? "ሰውዬውን ባገኘው ኩርኩም አቀምሰው ነበር" አልኩት። ስወርድ እንደ ልማዴ ኮከቡን ከልቤ ሰጠሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሰውዬው ተገኝቷል። እኔ ነኝ።

ቤዛ መልእክት ልታነብልኝ ስልኬን ወስዳ የጉዞዎቼን ዝርዝር አየች። ከዚያ፣ "አባባ፣ ሙሉጌታ ምን አድርጎዎት ነው?"

"ምን ያደርገኛል? አንደኛ ሹፌር ነው።"

"ታዲያ ለምን አንድ ኮከብ ይሰጡታል?"

"አንደኛ ለወጣ ሰው ስንት ልስጠው ኖሯል?"

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። በየመንፈቁ መጨረሻ ካርድ ላይ ደረጃ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድ የተጻፈለት ልጅ ካርዱን እያውለበለበ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ አርባ አምስት የተጻፈለት ደብተሩ ውስጥ ይሸጉጠዋል። በዚህ ሒሳብ ሙሉጌታን ከዓመት በላይ ሳልሰለች አንደኛ ሳወጣው ከርሜያለሁ። ሙዚቃውን አስጩሆ ጭቃ ላይ ያወረደኝን አንዱን ደግሞ አምስት ሰጥቼ ተበቅዬዋለሁ። እሱ አሁን ምስጉን ሹፌር ነው።

ቤዛ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። ቀጥላ ጉዞዎቹን መቁጠር ስትጀምር ሳቋ ቆመ። ራቴን አልበላም አልኩ። ከዚያ ትንሽ በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ጠዋት። ለሙሉጌታ መንገር አለብኝ። ከሰዓት እነግረዋለሁ።

እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። ለመሆኑ ኮከብን ማን ሾመው? በልጅነቴ ኮከብ ይቆጠራል እንጂ አይሰጥም ነበር። ስምህንና የእናትህን ስም ይዘህ ደብተራ ዘንድ ትሄዳለህ፣ ኮከብህ ይኸው ትባላለህ፣ አለቀ። ብትጎብዝ አይጨምር፣ ብትሰንፍ አይቀንስ። እኔና ባለቤቴ ኮከባችሁ አይገጥምም ተብለን አርባ ዓመት አብረን ኖርን፤ ነፍሷን ይማር። ሌሊት የሚጓዝ ነጋዴ ደግሞ መንገድ እንዳይስት የሚያየው ኮከብን ነበር። ከሩቅ እየታየ ሌላውን የሚመራ ሰው ኮከብ መባሉ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ቀስ በቀስ መኮንኑ ትከሻ ላይ ወጣ፣ ሆቴሉ በር ላይ ተለጠፈ፣ ጎል ያገባም ኮከብ ተባለ። አሁን እኔ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ በአውራ ጣቴ አድላለሁ።

ቤዛን "ለምን ድንች አልሆነም?" አልኳት።

"ድንችን ቀና ብሎ የሚያይ የለማ አባባ።"

"ፀሐይስ? እሷም ላይ ናት። ፀሐይ ተማሪ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።"

ትንሽ አሰበች። "ፀሐይ አንድ ናት። ለአንዱ ከሰጧት ለሌላው አትተርፍም።"

ይቺ ልጅ ሳታውቀው ነካችኝ። የእኔ አንደኛም እንደዚያው ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ የሚደርሰው ለአንድ ልጅ ነው። በግማሽ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ የወጣ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሞ ያለቀሰ ልጅ ትዝ አለኝ። አይዞህ እንኳ አላልኩትም፤ ሁለተኛ ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ካርድ አለፍኩ። ኮከብ ብሰጥ ኖሮ ለሁለቱም በበቃኝ። ሰማይ ላይ እንደሆነ ሞልቷል።

ከሰዓት። ነገርኩት። መኪናው ውስጥ፣ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላስቀር። ሰምቶ ሲያበቃ ከት ብሎ ሳቀ። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። የቅጣቴ መጀመሪያ ነው ብዬ ወጣሁት።

የያዝኩት፦ ስልኬን፣ መታወቂያዬን፣ ለማስረጃ ደግሞ የቤዛን የአራተኛ ክፍል ካርድ። ደረጃዋ አሥራ ዘጠነኛ ነው። ሌላ ካርድ አጥተው ነው ወይ ብላ አኩርፋለች።

ጉዳዩን የያዘችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች። "አባባ፣ ሁሉንም አንድ አንድ ነው እኮ የሰጡት።"

"አዎ ልጄ፣ አንደኛ ነዋ።" ካርዱን አውጥቼ አስረዳኋት።

ካርዱን ብዙ አየችው። "እኔ አንድም ቀን አንደኛ ወጥቼ አላውቅም" አለች።

"ይኸው ፈራጅ ሆነሽ ተቀምጠሽ የለ። እኔ አንደኛ ስወጣ የኖርኩት ሰውዬ ነኝ ፊትሽ የቆምኩት።"

ፈገግ አለች፣ ቃል ግን አልገባችም። ለአለቃዬ አቀርባለሁ፣ መልሱ በስልክ ይደርሰዋል አለች። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ወረቀት ጽፌ ፈረምኩ። የእጅ ጽሑፌ ዛሬም ያምራል።

ስንመለስ ሙሉጌታ ስለ ጉልበቴ አልጠየቀኝም። እኔም ስለ ፀጉሩ አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሙሉጌታ ነው፣ ስልኩን ይዞ። ጥሪው ተከፍቶለታል። የእኔን ኮከቦች ከሒሳቡ አውጥተውለታል።

"እስቲ ይጥሩኝ ጋሼ፣ መሥራቱን እንይ" አለ። ሁለት እርምጃ ርቆ እንደቆመ ጠራሁት፤ ስልኩ ጮኸ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ወስዶ መለሰኝ። ሲያበቃ አምስቱ ኮከቦች መጡ። አውራ ጣቴ እምቢ አለች። ለእሷ አምስት ማለት ስድብ ነው።

"ይጫኑት፣ አይነክስም።"

ተጫንኩት። "አምስተኛ ወጣህ። በሚቀጥለው ጠንክረህ አጥና" አልኩት። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

አሁን አንድ ነገር ላርም። ሐሙስ ዕለት ከት ብሎ ሳቀ ብዬ የጻፍኩት ፈጠራ ነው። አልሳቀም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊቱን ሲያይ ቆየና፣ "እኔ እኮ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማየው" አለ። ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነው። የሳቀው ዛሬ ነው። ውሸቴ እውነት ለመሆን ሁለት ቀን ፈጀበት።