መምህር እንግዳው ሻረው፦ የሰማዩን ድንጋይ ከምድሩ የለዩ

መምህር እንግዳው ከአባታቸው ከአቶ ሻረው ወርቁና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስጦታ አያሌው ሚያዝያ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በዳባት ተወለዱ። እናታችን እንደነገሩን በዚያው ሳምንት በበየዳ በኩል እሳት የመሰለ ድንጋይ በሰማይ ሲያልፍ ታይቷል። ሰባት በግ ጠብሷል የሚለውን የጨመርኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው አሻግሬ ነኝ። ሟች ይህን ባወራሁ ቁጥር «በጎቹን ተዋቸው፤ ድንጋዩ የት ወደቀ?» ይሉኝ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠየቁት ይህንኑ ነው።

አንደኛ ደረጃን በዳባት፣ ሁለተኛ ደረጃን በደባርቅ አጠናቀቁ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጋር ሳንስማማ ስንለያይ እርሳቸው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1979 ዓ.ም. በጃናሞራ ማስተማር ጀመሩ። ኋላም በክረምት ትምህርት በፊዚክስ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ አምሳል ታከለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማዕረግንና እሌኒን አፍርተዋል።

የመምህር እንግዳው ልብ ትልልቆቹ ፕላኔቶች ላይ አልነበረም። እርሳቸው የሚወዱት ትንንሾቹን ነበር፤ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩትን አስትሮይድ የተባሉ ድንጋዮች፣ ጅራታም ኮከቦችንና ከእነዚህ ተገንጥሎ ምድር ላይ የሚወድቀውን የሰማይ ድንጋይ። «ቤቱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግንበኛው ያስተረፈውን ጭቃ መርምሩ፤ የተረፈው እነሱ ጋ ነው» እያሉ ያስተምሩ ነበር። በዚሁ ዘርፍ ለመሠልጠን ዘጠኝ ጊዜ አመልክተው ዘጠኝ ጊዜ «እናዝናለን» ተብለዋል። ደብዳቤዎቹን በፋይል አስቀምጠው «ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሳይመልሱ ቀርተው አያውቁም» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ለመምህራን የሥልጠና ማስታወቂያ ወጣ። በአካባቢው የሰማይ ድንጋይ ያገኘ አመልካች ቅድሚያ ይሰጠዋል ተባለ። እኔ አላስችል አለኝ። ከብረት ቀጥቃጭ ምድጃ ሥር ቀልጦ የረጋ ዝቃጭ አንስቼ፣ በጥላሸትና በቅቤ አሽቼ፣ ጃናሞራ ወርጄ፣ ታጭዶ ባለቀ በገበሬው በአቶ ገዱ የገብስ ማሳ ውስጥ ቀበርኩት። አቶ ገዱም «መምህር፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ሲወድቅ በሬዎቼ ተንበረከኩ» ብለው መሰከሩልኝ። አቶ ገዱ እዚሁ አሉ፤ አንገታቸውን አይድፉ። ሟች ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሄደው ድንጋዩን ቆፍረው አወጡ፣ አሸተቱት፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው አመጡት። እኔንም «ተባረክ ወንድሜ» አሉኝ። ያን ዓመት ግን ማመልከቻ አላስገቡም።

ሳቄ ሆዴ ውስጥ ቀረ። በውሸት ድንጋዬ ዕድላቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ አሥራ አራት ዓመት ተሸከምኩት። ስዋሽ አፍሬ የማላውቅ ሰውዬ፣ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

እርሳቸው ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። በትምህርት ቤቱ ክበብ አቋቁመው በአንድ ላፕቶፕ የሰማይ ፎቶዎችን እያፈራረቁ፣ ከማይንቀሳቀሱት ከዋክብት መሃል የምትንቀሳቀሰውን ነጥብ እንዲለዩ ተማሪዎችን አሠለጠኑ። ኔትወርክ ሲጠፋ ድንጋይ ያስመረምሯቸዋል። አንድ ቄስ «ልጄ፣ ያ ድንጋይ ወደኛ ይመጣል ወይ?» ቢሏቸው «አይ አባ፣ መንገዱ ሌላ ነው። ብቻ መንገዱን የሚያውቅ ልጅ ከኛም መሃል ይኑር» አሏቸው።

ኖረም። ተማሪያቸው የትናየት በ2014 ዓ.ም. ለአስትሮይድ ምርምር ሥልጠና አዲስ አበባ ተፈተነች። አምስት ድንጋይ ደርድረው የሰማዩን ለዪ ሲሏት፣ ሁሉም የሚጓጓለትን ጥቁሩን አንስታ «ይሄ እንኳ አይደለም፤ የአረፋ ቀዳዳ አለው። የቀጥቃጭ ቤት ዝቃጭ ነው» አለች። ተመረጠች፤ ዛሬ ውጭ አገር በዚሁ ሙያ ምርምር ላይ ናት። ከእርሷ በኋላም ሦስት ልጆች ዕድሉን አግኝተዋል።

መምህር እንግዳው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደባርቅና በጎንደር ሲታከሙ ቆዩ። አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ «ጋሼ፣ ያ የጃናሞራው ድንጋይ...» ስል «ዝም በል፤ ታሪኬን ስትጽፍ ሣጥኔን ክፈት» አሉኝ። የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው አረፉ።

ከለቅሶው መሃል ተነሥቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። ድንጋዬ ስንት ተማሪ እንዳገላበጠው እንጃ፣ አንጸባርቋል። በእጃቸው ጽፈው የለጠፉበት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ጥር 16 ቀን 2003 ዓ.ም.። ከጃናሞራ ገብስ ማሳ። ቀባሪው ወንድሜ አሻግሬ። የቀጥቃጭ ዝቃጭ ነው፤ አረፋ አለው፣ ቅቤ ይሸታል። ለማስተማር ይሆናል። አይጣል።» ከሥሩ የዚያ ዓመት ማስታወቂያ ታጥፎ ተቀምጧል። በቀይ ያሰመሩበት መስመር «ዕድሜው ከአርባ ያልበለጠ» ይላል። እርሳቸው አርባ አምስት ነበሩ።

መምህር እንግዳው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል። ድንጋዩን የክበቡ ልጆች ተረክበዋል፤ አይጣልም። ዛሬም ቀባሪው እኔ ነኝ፤ የዛሬው ግን እውነተኛው ነው።

ለትንሹም ለትልቁም ኮከብ መንገድ ያበጀ አምላክ የወንድሜን ነፍስ መንገድ ያቅናልን፤ በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን። አሜን።