ፓፓያ በወተት፣ በሁዳዴ

እሁድ፣ ጥር 24

ቤቱ ፀጥ ብሏል። አባቴ ረቡዕ ዕለት ከባጃጅ ሲወርድ ወድቆ መንጋጭላው ተሰበረ። የላይና የታች ጥርሱን በሽቦ አሰሩለት። ስድስት ሳምንት አፉን አይከፍትም። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የኔ ብቻ ዲሬክተር። መሰበሩ ያሳዝናል። ዝምታው ግን... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የሚፈልገውን ደብተር ላይ ይጽፋል። የመድኃኒቱን ሰዓት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት። «ሀኪም» ብዬ ኖሯል። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ሐ» አደረገልኝ። አፉ እንጂ እጁ አልታሰረም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሾርባውን ሁለቴ ስቦ ገፋው። ሶፊ፣ ገጠር ትምህርት ቤት፣ አስተምሬ ስመለስ ሳዳ ጋ ጎራ አልኩ። አብሮ አደጌ ናት፤ ፈረስ መጋላ ላይ ጁስ ቤት አላት። ፓፓያ በወተት ፈጭታ በጠርሙስ ሞላችልኝ።

አባቴ «ጁስ ቤት የሚቀመጥ ሥራ ፈት ነው» እያለ ነው ያሳደገኝ። በስትሮ ሳበ። ዓይኑን ጨፈነ። አንዲት ጠብታ አልቀረችም። ጻፈ፦ «ነገም።»

ሥራ ፈቶቹ አንድ አባል አገኙ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

አሁን በቀን ሁለት ጠርሙስ። ስኳር አይግባ። ፓፓያው በደንብ የበሰለ ይሁን። ወተቱ ይቀዝቅዝ፣ ግን ጥርስ አያሳምም። ደብተሩን ለሳዳ አሳየኋት።

«አባባ ወልደ ጊዮርጊስ አፋቸው ተዘግቶ እንዲህ ከሆኑ፣» አለች፣ «ሲከፈት እኔ ሱቄን ዘግቼ ድሬዳዋ ነው የምገባው።»

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሁዳዴ ገባ። ጠርሙሱን ገፋው። «ጾም ነው።» የማላውቅ መስሎት።

ታማሚ ነህ አልኩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጥርስህ የማይገናኝ ሰው... ማለቴ የማይለያይ። ደብተሩን ዘጋው። ውይይቱ በዚሁ ተጠናቀቀ።

የሚወስደው ፓፓያ በውሃ ብቻ። እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

የንስሐ አባቱን ቄስ ኒቆዲሞስን አመጣኋቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ለታመመ ሰው ተፈቅዷል። እኔ ፈቅጃለሁ። ኃጢአቱም ካለ በኔ ይሁን» አሉት።

አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈላቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከቄሱ በላይ ቄስ። ስሸኛቸው «ሌላ ነገር አለበት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እልህ ነው አልኳቸው። ምን ልበል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሐኪም ቤት ሄድን። ስምንት ኪሎ ቀንሷል። ዶክተሩ ልጅ ነው፤ ቁጣው ግን የትልቅ ሰው። «እስከ ሰኞ ካልጨመሩ አስተኝቻቸው በአፍንጫ በቱቦ እመግባቸዋለሁ። ልባቸው አይችልም።»

ቀትር ላይ ሳዳ መጣች። ረመዳን ስለሆነ ቀን ዘግታ ነው የምትውለው። ለእሱ ብላ ከፍታ ፈጭታለች። ከንፈሯ ደርቋል። «ጣዕሙን አላውቀውም አባባ፣ ጾመኛ ነኝ፣ አልቀመስኩትም። ለታመመ አላህም ምሕረት አለው። በናንተም እንደዚያው አይደል? ወላሂ አንድ ጊዜ ይሳቡልኝ።»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። አልጠጣም። በሩ ላይ ስሸኛት አለቀሰች።

ተመልሼ ገባሁና አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ያፈንኩትን። «እማዬንም በዚሁ ነው የገደልካት።»

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ነበር። እማዬ ጉበቷ አልቆ ነበር። ምንም አልወርድ ሲላት ወተት አማራት። «ፋሲካ ቅርብ ነው፣ ታገሺ» አላት። ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች።



ረቡዕ፣ የካቲት 18

ከሶፊ ስመለስ ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ። መስመሩ ተንጋዷል። የሱ መስመር ተንጋዶ አያውቅም።

«ስለ ጾሙ አይደለም። ለእናትሽ ለዘነበች የከለከልኩትን እኔ በምን አፌ እጠጣዋለሁ?»

ቆሜ ስንት ጊዜ አነበብኩት?

እኔስ? ያን ቀን ከልክሏት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እሷ እኔን ለመነችኝ። ቀድቼ ሰጠኋት። ብርጭቆውን አፏ ጋ ስታደርሰው ፈራሁና ተቀበልኳት። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሕፃን አልነበርኩም። ሁሉንም እሱ ላይ መከመር ቀሎኝ ኖሯል... ስላቁም ጭምር።

ገብቼ ነገርኩት። «ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አንተ አልነበርክም። እሷ ብትጠጣ አታውቅም ነበር።»

እጄን ያዘ። የመጨረሻ የያዘኝ ምናልባት አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግበኝ ሲወስደኝ ነው።

ፓፓያውን ራሴ ፈጨሁት። ወተት ጨመርኩ። እንደ ሳዳ አልሆነልኝም፣ ተጓጎለ። ሳበው። እያለቀሱ በስትሮ መሳብ ለካ ይከብዳል። ሁለቴ ትን አለው። እኔም ሳላውቀው ከጎኑ ቁጭ ብዬ የተረፈውን ጠጣሁ። ጾሜ ተበላሸ። ይበላሽ።

ሰኞ፣ የካቲት 23

አንድ ኪሎ ተኩል ጨመረ። ዶክተሩ በቱቦ ስላስፈራራው መስሎታል። አላረምኩትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ሽቦው ተፈታ። የስድስት ሳምንት ንግግር ተጠራቅሞ ሊወርድብኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ዝም። ቤት ገብተን ሽሮ አቀረብኩ፣ ዝም። አንድ ጉርሻ ቀስ ብሎ ዋጠ።

ድምፁ ሻክሯል። የሌላ ሰው ይመስላል።

«ያን ቀን... ብርጭቆውን ስትቀበያት ምን አለችሽ?»

ለመዋሸት አሰብኩ። አልቻልኩም።

«"ውሰጂው፣ አባትሽ እንዳይቆጣሽ" አለችኝ።»

አንገቱን ደፋ። አሁን ይነሳል፣ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሳም።

«ሌላስ ምን ትል ነበር?» አለኝ።

ስለ እሷ ጠይቆኝ አያውቅም። ከኋላህ «ዲሬክተሩ መጡ» እያለች አካሄድህን ታስመስል ነበር አልኩት። ሊስቅ ሲል መንጋጭላውን አመመውና በእጁ ደገፈው።

«እሺ... ሌላስ?»